እሪ የማለት መብት፤ ስለ ሰው አምሳያ የተጻፈ አንድ ልብ ወለድና የአገራችን የሕግ ታሪክ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በፒያሳ በኩል ቁልቁል የሚወርድ ሰው እሪ በከንቱ ከሚባለው ሠፈር ይደርሳል። ስለ ስሙ አመጣጥ ሽማግሎች የሚናገሩት ታሪክ አጭር ነው። ቦታው ገደልና ዱር በነበረበት ዘመን ወንበዴ እየሸመቀ መንገደኛውን ይገፍፍ ነበር፤ የተገፈፈውም ሰው ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ቢጮህ የሚደርስለት አያገኝም ነበር ይላሉ። የቦታ ስም አመጣጥ ብዙ ጊዜ ከስሙ በኋላ እየታሰበ የሚነገር መሆኑን ስለምናውቅ፣ ታሪኩ በትክክል እንደዚህ ነበረ ብለን አንከራከርም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያዋ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እንዳየነው ቤት ይፈርሳል፤ ስም ግን በአፍ ላይ ይቀራል። ለእኛ የሚጠቅመን ስሙ የያዘው ሐሳብ ነው። ሰሚ ያጣ እሪታ ለአንድ ሠፈር መጠሪያ እስኪሆን ድረስ የሚያስደንቅ ነገር ከነበረ፣ የተለመደው እሪታ የሚሰማ ነበር ማለት ነው።

በእርግጥም እሪታ በአገራችን ተራ ጩኸት አልነበረም። በባላገር እሪታ የሰማ ሰው በእጁ ያለውን ሥራ ጥሎ፣ ዱላውን አንሥቶ ይደርሳል፤ ሰምቶ የቀረ በጎረቤት ዘንድ የተነወረ ነው። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ይሰበሰብና ነገሩ እስኪገለጥ ድረስ ከእርሻውና ከቤቱ ተከልክሎ ይውላል። ከዚህም ጋር «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል አለ። ይህን ቃል የተናገረ ሰው፣ ድኻም ቢሆን ሎሌም ቢሆን፣ ሊመታው የተነሣውን ባለበት ሊያቆመው ይችል ነበር። ዳኛ በሌለበት ቦታ ቃሉ ራሱ ዳኛ ነበረ። ወደ ቀድሞዋ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ተደንቀው ከጻፏቸው ነገሮች አንዱም ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ በኩታቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፤ አብረውም ያድራሉ።

እኛ በዚህች ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ከዚህ የሚነሣ ነው። አንድ ልጅ በሰው ጥበብ ከሌላ ሰው ሥጋ ተቀድቶ ቢወለድና የዚያ ሰው ንብረት ነው ቢባል፣ በሕግ አምላክ ለማለት ይችላልን? እሪ ቢልስ የሚደርስለት ማን ነው? ጥያቄው የቀልድ ይመስል ይሆናል፤ እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚህ ያለ ሰው ስለ መወለዱ የታመነ ማስረጃ አልተገኘም። ሆኖም ለወጣቶች በተጻፈ አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ቀርቧል። መጽሐፉን ስናነብ ደግሞ የራሳችን አገር የሕግ ታሪክ በሌላ ልብስ የመጣብን መሰለን።

መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ደራሲ ናንሲ ፋርመር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ያሳተመችው ሲሆን፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጊንጡ ቤት» ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ለወጣቶች መጻሕፍት የሚሰጠውን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ደራሲዋ አፍሪካን በወሬ ብቻ የምታውቅ አይደለችም፤ በሞዛምቢክና በዚምባብዌ ኖራለች፤ ከዚህ በፊት የጻፈችውንም አንድ ልብ ወለድ በመጪው ዘመን ዚምባብዌ ላይ አድርጋዋለች። «የጊንጡ ቤት» ግን የሚፈጸመው በአሜሪካና በሜክሲኮ ወሰን መካከል ተቆርጣ፣ ኦፒየም እያመረተች በምትኖር ምናባዊ አገር ነው። የአገሪቱ ጌታ ኤል ፓትሮን ይባላል። ስሙ በስፓኝ ቋንቋ «ጌታው» ወይም «አሳዳሪው» እንደ ማለት ነው። ዕድሜው ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህን ያህል የኖረውም የአካሉ ክፍል ባረጀ ቁጥር ከራሱ ሥጋ ካስቀዳቸው ልጆች እያስወጣ በማስተካት ነው።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ማት ነው። ፅንሱ ያደገው በላም ማኅፀን ውስጥ ነው፤ ያሳደገችው ሲሊያ የምትባል ወጥ ቤት ናት። ከሰው ተለይቶ በእርሻው መካከል በምትገኝ ትንሽ ቤት ተዘግቶበት ያድጋል። አንድ ቀን ልጆች በመስኮት አይተውት ሲሄዱበት፣ ብቸኝነቱ አላስችል ብሎት መስኮቱን ሰብሮ ይዘላል፤ በስባሪው ብርጭቆም እግሩ ይቈረጣል። ልጆቹ አዝነው ተሸክመው ወደ ትልቁ ቤት ይወስዱታል። እዚያ ቁስሉ ሲጠረግ ውስጥ እግሩ ላይ የአላክራን ቤት ንብረት መሆኑን የሚገልጽ ጽሕፈት ይገኛል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚያዝንለት የለም። ቍስለኛ ልጅ ብለው ያስገቡትን፣ እንደ ከብት ቈጥረው ያወጡታል፤ ቆይቶም እንደ ዶሮ ሰጋቱራ በተነጠፈበት ክፍል ይዘጉበታል። ልጁ ያው ነው፤ ቍስሉም ያው ነው፤ የተለወጠው የተነበበው ጽሕፈት ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተሳካ ምዕራፍ አላገኘንም።

ኤል ፓትሮን ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ ልጁን ያስወጣዋል፤ መምህር ያስቀጥርለታል፤ ሙዚቃ ያስተምረዋል። በዚያ አገር ሕግ የተቀዳ ሰው ሲወለድ አእምሮው በመርፌ እንዲጠፋ የታዘዘ ሲሆን፣ ማት በጌታው ትእዛዝ ከዚህ ድኗል። አንባቢ ይህን ርኅራኄ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው በድኽነት አድጎ ወንድሞቹና እኅቶቹ ሁሉ በልጅነት ሞተውበታል፤ ያላገኘውን የልጅነት ዘመን በአምሳያው በኩል ለማየት ይፈልጋል። ሲበቃውም ልቡን ያወጣል። በሬ ለፋሲካ ሲቀለብ እንክብካቤው ፍቅር የሚመስል መሆኑን አገራችን ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አእምሯቸው የጠፋባቸው ምን እንደሚመስሉ ደራሲዋ አንድ ጊዜ ብቻ ታሳየናለች። ማት በሕክምና ቤት አልጋ ላይ በጠፍር የታሰረ አንድ ፍጡር ያገኛል። መጀመሪያ እንስሳ ይመስለዋል። የሚያሰማው ድምፅ ቃል አይደለም፤ ጩኸት ብቻ ነው። ጎረቤት የሆነ ሌላ ባለጠጋ ያስቀዳው ልጅ መሆኑን ሲነግሩት ማት ምን ያህል እንደሚደነግጥ መገመት አያስቸግርም፤ እሱም ከዚያው ወገን ነውና። በክፍሉ ውስጥ አስታማሚዎች ያልፋሉ፤ ጩኸቱን ሁሉም ይሰማል። የሠፈራችን ስም ትዝ ያለን በዚህ ቦታ ነው። በድሮው ገደል እሪታው ከንቱ የሆነው ሰሚ ሰው በአጠገቡ ስላልነበረ ነው፤ በዚህኛው ግን ሰሚው ሞልቶ ሳለ የሚጮኸው ሰው ከሰው ስላልተቈጠረ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። የኦፒየም አገር ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ የማይሆነው፣ ሰውን በንብረትነት መያዝ በእኛም ዘንድ ከሰው ዕድሜ ብዙም ያልራቀ ታሪክ ስለ ሆነ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ባርነት ሲናገር ነፃነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ የተሰጠ መሆኑን ተቀብሎ፣ ባርነትን ያመጣው ጦርነትና ጉልበት መሆኑን ይገልጻል። ይህን ካለ በኋላ ግን ባርነቱን አይሽረውም፤ ሥርዓት ያወጣለታል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን አዋጅ አስነገሩ። በዚህ አዋጅ ባሪያው ነፃ የሚሆነው ጌታው ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ክረምት በወጣው ሕግ ጊዜው አጠረ። ባርነት ጨርሶ የተከለከለው ከነፃነት መመለስ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

በ1916ቱ አዋጅ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የባሪያው ነፃነት የተንጠለጠለው በራሱ ሰውነት ላይ ሳይሆን በጌታው ሞት ላይ ነው። ጌታው ጤነኛና ዕድሜ የጠገበ የሆነበት ባሪያ ነፃነቱን ሳያይ ያረጃል። አዋጁን በዘመኑ ችግር ውስጥ አድርገን ስንመለከተው ወደ ፊት የተራመደ እርምጃ መሆኑን አንክድም። መኳንንቱ ሁሉ በባሪያ ጉልበት በሚኖሩበት አገር ከዚህ የፈጠነውን ለማድረግ ያስቸግር ነበር ይባላል፤ የታሪክ ሰዎችም ይህንኑ ይጽፋሉ። ሆኖም ሰባቱን ዓመት በወራሾች ቤት የቈጠረው ሰው ምን ይል እንደ ነበረ ማን ጠየቀው?

የ«ጊንጡ ቤት» አፈጻጸም ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሲሊያ ጥቂት ጥቂት መርዝ እያበላች የማትን ልብ ለጌታው የማይሆን ታደርገዋለች፤ ኤል ፓትሮን ይሞታል፤ ማት ያመልጣል። ከወሰኑ ማዶ ያለው የሙት ልጆች ማሠሪያ ታሪክ ረዝሞብናል፤ ደራሲዋ ብታሳጥረው መልካም ነበር። በመጨረሻ ለማት የሚነገረው ሕግ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በሁለት አካል ሊኖር ስለማይችል ዋናው በሕይወት ሳለ ተቀጂው እንደ ሰው አይቈጠርም፤ ዋናው ሲሞት ግን ተቀጂው እሱን ራሱን ይሆናል። እንግዲህ ማት የኦፒየም ጌታ ሆኖ ይመለሳል።

ብዙ አንባብያን በዚህ አፈጻጸም ደስ እንደሚላቸው እናምናለን። እኛ ግን ቅር ብሎናል። ማት ነፃ የወጣው ሰው ነው ተብሎ አይደለም፤ ኤል ፓትሮን ነው ተብሎ ነው። ሕጉ ልጁን ትናንት የጌታው ከብት፣ ዛሬ ጌታው ራሱ አደረገው፤ በመካከል ማት የሆነበት አንዲት ቀን እንኳ አልሰጠውም። በቁራኛ የታሰሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ቢሞት ሌላው የሚፈታው የሞተውን ሰው ስም ተቀብሎ ነው እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ ይህን ሳታስተውለው አልቀረችም ብለን እንገምታለን፤ በ2013 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣችው ተከታይ መጽሐፍ ልጁ በዚሁ ውርስ ሲጨነቅ ታሳየዋለችና።

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ የመጀመሪያ ቁጥሩ ሰው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚሞትበት ጊዜ ድረስ የሕግ መብት ያለው መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ስለ ተቀዳ ሰው አስበው እንዳልጻፉት ግልጽ ነው። ነገር ግን ቃሉ «ከእናትና ከአባት የተወለደ» አይልም፤ «የማንም አምሳያ ያልሆነ» አይልም። «የተወለደ» ይላል። በኦፒየም አገር ማት ከላም ወጣ እንጂ ተወለደ ለማለት አይቻልም ብለው የሚከራከሩ ጠበቆች መኖራቸው አይቀርም። በእኛ ችሎት ይህ ክርክር ቢነሣ፣ ሕጉ ገና ተፀንሶ ያለውን ልጅ እንኳ ጥቅሙ በጠየቀ ጊዜ፣ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር እስከ ቻለ ድረስ፣ እንደ ተወለደ ስለሚቈጥረው፣ ያንን ያህል ለፅንስ የራራ ሕግ ቆሞ የሚናገረውን ልጅ ይገፋዋል ብለን አናምንም። በዚህ ከእኛ የሚለዩ የሕግ ተማሪዎች ቢኖሩ ክርክራቸውን ብንሰማ ደስ ይለናል።

መልክ ከመልክ የመመሳሰሉን ነገር ያነሣን እንደ ሆነ፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የጀመረው በዚሁ ላይ መሆኑን ሳንጠቅስ ልናልፍ አንችልም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የሁለት መንትዮች ታሪክ ነው። ደራሲው በጣልያን ወረራ ጊዜ ከጠላት ጋር በመተባበራቸው ቢወቀሱም መጽሐፉ የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር መሆኑን ማንም አይክደውም። አባት በጦርነት ተማርኮ በባርነት ይሸጣል፤ በአንድ ነጋዴ ቸርነት ነፃ ይወጣል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ሲወጣ እሱም በፈንታው ተይዞ ይሸጣል። እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። የንጉሥ ዘመድ የሆነች ልዕልት ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች። በመጨረሻ ዋሕድ ሲገኝ መልኩ ከእኅቱ መልክ ጋር አንድ በመሆኑ ልዕልቲቱ የወደደችውን ፊት ታገባለች፤ ንጉሡም ክርስቲያን ሆኖ ጦቢያን ያገባል።

ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ ብናስቀምጣቸው፣ በሁለቱም የሚሸጥ ወይም ንብረት የሚባል ልጅ አለ፤ በሁለቱም ከሱ ጋር አንድ መልክ ያለው ሌላ ሰው አለ። ልዩነታቸው መልኩ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። በኤል ፓትሮን ቤት ያ መልክ ዕዳ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ፊቱ የጌታውን ፊት እየመሰለ በሄደ ቁጥር የመታረጃው ቀን ይቀርባል። በ«ጦቢያ» ግን ያንኑ መልክ የያዘው ሰው የጠፋውን ለመፈለግ በእግሩ የሚንከራተት ነው። ዋሕድ በባርነት ሳለ እሪ ቢል የሚሰማው ባይኖር እንኳ፣ የሱን ፊት ተሸክማ አገር ለአገር የምትዞር አንዲት እኅት ነበረችው። በማት ዙሪያ ግን እንዲህ ያለ እኅት የለም። ከእሱ በፊት የተቀዱት ሁሉ ታርደዋል።

ለሥነ ፍጥረት ተማሪዎች አንድ ነገር እናስታውስ። አንድ ፊት ያላቸው መንትዮች ከአንድ ፅንስ ስለሚከፈሉ ሁለቱም ወንዶች ወይም ሁለቱም ሴቶች ይሆናሉ። ወንድና ሴት የሆኑ መንትዮች ከሁለት እንቁላል የሚመጡ ናቸው፤ መመሳሰላቸውም ከሌሎች ወንድምና እኅት አይበልጥም። ስለዚህ የዋሕድና የጦቢያ ነገር በሥነ ፍጥረት ሕግ አይሆንም፤ አፈወርቅ ግን የጻፉት ልብ ወለድ ነው፤ በርእሱም አልደበቁንም። የእውነተኛው ቅጂ ነገር የተሰማው በስኮትላንድ በሮዝሊን በፈረንጆች አቆጣጠር ሐምሌ 1996 ዶሊ የተባለችው በግ ከተወለደች በኋላ ነው። ከስድስት ዓመት በግ ጡት የተወሰደ ሕዋስ አስኳሉ በወጣለት እንቁላል ውስጥ ተደረገ፤ 277 ጊዜ ተሞክሮ አንዲት ጠቦት ብቻ ተወለደች። በሚቀጥለው ዓመት ዩኔስኮ ሰውን በዚህ መንገድ መቅዳት ከሰው ክብር ጋር የማይስማማ መሆኑን አስታወቀ። በእጽዋት በኩል ከሆነ ግን ጥበቡ ለአገራችን ገበሬ አዲስ አይደለም፤ የጉራጌና የሲዳማ ሰው እንሰትን ከዘር ሳይሆን ከራሱ ሥር በሚያበቅለው ቡቃያ ሲያራባ የኖረ ነው።

አንድ የቋንቋ ችግር ቀርቶናል። መጽሐፉ ወደ አማርኛ ቢተረጎም ማት ምን ይባል? «ክሎን» ብሎ እንደ ወረደ መውሰድ ቀላል ነው፤ ወጣቱ አንባቢ ግን ቃሉ ከባድ ሳይሆን ባዶ ይሆንበታል። በቢሮ የምንሠራበት «ግልባጭ» አለ፤ ዋናው ደብዳቤ በጠፋ ጊዜ ግልባጩ በፈንታው ይሠራል። ይህ ቃል የኦፒየምን ሕግ በትክክል ይገልጸዋል፤ ስለዚሁም በጠበቆቹና በሐኪሞቹ አፍ ቢደረግ ይስማማል። ማት ስለ ራሱ ሲያስብ ግን «አምሳያ» ቢል እንመርጣለን፤ ቃሉ ከሁለቱ ማን ዋና ማን ተከታይ መሆኑን አይናገርምና።

ሲሊያ ግን ከእነዚህ ቃላት በአንዱም አትጠራውም። ልጁ ለጊዜው በአደራ የተሰጣት መሆኑን ስለምታውቅ እናቴ ብሎ እንዳይጠራት ትከለክለዋለች፤ እሷ ግን ስትጠራው በስፓኝ ቋንቋ «ሕይወቴ» ትለዋለች። ቃል በቃል ከመመለስ ይልቅ በእኛ ሠፈር ያለች ሴት እንደምትለው «ሆዴ» ቢባል ይሻላል እንላለን። ላም የተሸከመችውን ልጅ አንዲት ወጥ ቤት ሆዴ ስትለው አንባቢው ምን እንደሚሰማው ተርጓሚው ይወቅበት።